ማርሚታ ተራ

አባቴ መኪናዋን በግማሽ ዋጋ ገዛኋት ይል ነበር። ሌላውን ግማሽ በየጋራዡ ከፍለን እንደጨረስነው ዛሬም አያምንም። ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጠው ሰውዬ ክራቫቱን ነፋስ ትከሻው ላይ ጥሎበት፣ ይቺ መኪናም አይደለች፣ ጂፕም አይደለች፣ አዲስ ዓይነት ናት፣ ክሮስኦቨር ትባላለች አለን። እኔ ቃሉን እንዴት እንደምተረጉመው ስጨነቅ አባቴ ቀደመኝና ለእናቴ «በቅሎ ናት» አላት። እናቴ መኪናዋን አንዴ ዞረቻት፣ ጎማዋን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችና፣ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። የዚችንም አባት አጣራ» አለችው። አላጣራም። ቀለሟ አምሮት ፈረመ።

አባቷ ዝገት ነበር። ለካ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ሰሜን፣ በረዶ በጣለ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ኖሯል። ከላይ ሲያዩዋት ሙሽራ ናት። ጎንበስ ብሎ ሆዷን ላየ ግን ጨው የበላው ብረት በጣት ሲነኩት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል። ያን ቀን ከሦስታችን ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም።

የዚያ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሕመሞች አሉ። እኛ አንድ በአንድ በገንዘባችን ተማርናቸው። ፓርክ ለማድረግ መሪዋን ሙሉ ሲያዞሩት ከኋላ ያለው ዲፈረንሻል ያቃስታል። ማርሿ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀየር፣ ምጣድ ላይ ነገር ረስቶ የወጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቆም ብሎ ያስባል። ሀይዌይ ላይ ፍጥነት ሲጨመር የፊት ቀኙ ኩሽኔታ ማዜም ይጀምራል። የሹፌሩ መስኮት እንደ ልቡ ነው፤ አንዳንዴ ዝቅ ሲያደርጉት ጭራሽ በሩ ውስጥ ይሰምጥና አባቴ ወርዶ በሁለት መዳፉ ጎትቶ ያወጣዋል። ኤሲዋ ይሠራል፣ በብርድ ወራት። ጋራዥ ይዘናት ስንሄድ የሁሉም መልስ «ሦስት መቶ» ነው። መስኮቱም ሦስት መቶ፣ ኩሽኔታውም ሦስት መቶ። እናቴ ይሄ ዋጋ ሳይሆን የአገሩ ሰላምታ መሆን አለበት ብላ ደምድማ ነበር። ስለ ማርሹ የጠየቅን ዕለት ብቻ ሰውዬው ሰላምታውን በጣም አስረዘመው። እኛም እግዜር ይስጥልኝ ብለን ወጣን፣ ማርሹም ማሰቡን ቀጠለ።

አባቴ አዲስ አበባ እያለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ያኔ በዕድሜ ከራሱ የምትበልጥ አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ከነዳበት ይልቅ ሥሯ የተኛበት ጊዜ ይበልጣል። የመኪና ቋንቋውንም የተማረው እዚያው ሥሯ ተኝቶ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ። እነዚህ ቃላት አማርኛ እንዳልሆኑ አስተማሪ ነውና ጠንቅቆ ያውቃል። አማርኛ ካልሆኑ ደግሞ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ። ዲቪ ደርሶን አትላንታ ስንገባ፣ አባቴ ከኤርፖርት ፓርኪንግ ወደ ተርሚናል መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት ጀመረ፤ ባንክም ሆነ ሐኪም ቤት እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ጋራዥ ግን ብከተለውም የሚናገረው ራሱ ነው። እዚያ ቋንቋው አለው፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል። እኔ ደግሞ እዚህ ነው ያደግኩት፤ ቃላቱን ከሱ አፍ ብቻ ስለሰማሁ የጠራ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜም እየተናገረ በጣቱ ስለሚያሳይ፣ ነገሩ ሳይነቃበት ዓመታት አለፉ።

እናቴ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ከከተማው ሰሜን ራቅ ያለችው ሮዝዌል ውስጥ አንዲት አዛውንት የመንከባከብ ሥራ ተገኘላት። ክፍያው ይሻላል፣ ሴትዮዋም ደግ ናቸው ተባለ። ልጆቻቸው ግን ሁለት ምርጫ ሰጧት፤ ወይ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ትደርሳለች፣ ወይ እዚያው ክፍል ተሰጥቷት ታድራለች፣ ቤቷ የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ይሆናል። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። ከምንኖርበት ከኢስት ፖይንት ተነስቶ በዚያ ሰዓት ሮዝዌል የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። አባቴ ወደ ኤርፖርቱ በባቡር እንዲሄድ፣ በቅሎዋ ለእናቴ እንድትሆን ተወሰነ። ውሳኔው ጥሩ ነበር፣ በቅሎዋን ያማከራት ግን የለም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ታጓ፣ የታርጋዋ የዓመት ፈቃድ፣ ያልቅ ነበር። እኛ ባለንበት በጆርጂያ ግዛት ታግ የሚያልቀው በባለቤቱ የልደት ቀን ነው። አባቴ የተወለደው መስከረም ነው፤ ፎርሙ ላይ ግን መስከረም የመጀመሪያው ወር አይደል፣ «1» ብሎ ጻፈ። አሜሪካም ያለ ምጥ ጃንዋሪ ላይ ወለደችው። በየዓመቱ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ያልተወለደበትን ቀን በታግ ያከብራል። ታግ ለማደስ ደግሞ የጭስ ምርመራ ማለፍ ግድ ነው፤ ሰው ሁሉ ኢሚሽን ይለዋል፣ አባቴ ቦሎ ይለዋል።

ረቡዕ ለምርመራ ወሰዳት። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየና መሣሪያውን ሳይሰካ ቀና አለ። ጭሱ ከኋላ ሳይደርስ መሀል መንገድ ላይ እየወጣ ምኑን ልለካ፣ መጀመሪያ አሠርተህ ና አለው። አባቴ ቤት ገብቶ ማርሚታዋ ተበስቷል፣ ቦሎ ተከለከልን ሲል፣ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከአልጋ ሥር ሻንጣዋን አወጣች፣ ነጠላ ጫማዋን ከተተች፣ ቢጃማዋን ከተተች፣ በመጨረሻም ያለሱ እንቅልፍ የማይወስዳትን ትራስ አጥፋ አስገባችና ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቆመችው። አባቴ ቢያንስ ሰኞ ድረስ ጠብቂ አላት። ሰኞ ቸኩዬ ጫማዬን ብረሳስ አለችው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ወደ በሩ ባለፈ ቁጥር ሻንጣውን እንደ ተኛ ውሻ ዞሮት ያልፋል። ፈርቶ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ለለቅሶ ካልሆነ ተለያይተው አድረው አያውቁም፣ ለለቅሶም ቢሆን አብሯት መሄድ ነው የሚወደው። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የእናቴ ናፍቆት እንዳለ ሆኖ፣ አባቴ የሚያውቀው ምግብ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እንቁላል ነው።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ሠፈራችን ያለ ጋራዥ ሄደ። መኪናዋን ሳያሠራ፣ ፊቱ ግን በርቶ ተመለሰ። የማርሚታ ሥራ የሚሠራው ማሪዬታ ከተማ ነው አለን። ጋራዡ በራፍ ላይ ቆሞ ሰውዬውን ስለ ማርሚታ ሲጠይቀው፣ መኪናዋን እንኳ ዞር ብሎ ሳያይ፣ ማሪዬታ፣ በሰባ አምስት ቁጥር ሀይዌይ ወደ ሰሜን ብሎ ጠቆመው። አባቴ በዚህ ጨርሶ አልተገረመም። አዲስ አበባ ሸማ የሚፈልግ ሸማ ተራ ይሄዳል፣ ቆርቆሮ የሚፈልግ ቆርቆሮ ተራ፣ የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሶማሌ ተራ። አሜሪካ ትልቅ አገር ስለሆነች ተራዋም ከተማ የሚያህል ነው። «ስሟን ልብ ብለሽ ሰምተሻል?» አለኝ። «ማርሚታ፣ ማሪዬታ። ከተማዋ የተሰየመችው በሙያዋ ነው።» የጂኦግራፊ አስተማሪ ነውና አልተከራከርኩትም።

ዓርብ ሥራ ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት እኔን አስከትሎ ተነሳ። በቅሎዋ በዚያን ጊዜ ድምፅዋ ከእህል ወፍጮ አይለይም፤ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ሰው ዞሮ ያየናል፣ እኔም በወንበሬ ላይ እሟሟለሁ። ቅዳሜ ስለሆነ ጋራዥ ሁሉ ወደ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ መርማሪዎቹም ከዚያ ብዙ አይቆዩም። መንገዱ ዳር ግን አንዱን ስናልፍ ሌላው ይመጣል፤ ሙፍለር፣ ሙፍለር፣ ሙፍለር፣ በቀይ፣ በቢጫ፣ ሰው በሚያህል ፊደል።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ እናቁም። ሙፍለር ይላል እኮ።»

«እኔ ሙፍለር አይደለም የምፈልገው» አለ። «ማርሚታ ነው።»

በሚጮኸው ሞተር ላይ እየጮህኩ ሰውዬውን ቃል በቃል ምን እንዳለው ጠየቅኩት። እንዲህ አልኩት አለ፤ «ማርሚታ ኖ ጉድ። ዌር ማርሚታ?» ሰውዬውም ማሪዬታ ነው ያልከው ብሎ ደግሞ ጠየቀው፣ አባቴም የስ አለው፣ ሰውዬውም ሰባ አምስት ኖርዝ አለ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝና ሳቅ አፈነኝ። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጣሊያንኛ ወስጄ ነበር፣ ፍቅር ይዞኝ ሳይሆን ሰዓቱ ተመችቶኝ። ስለ መኪና የሚያወራው ምዕራፍ ጋ ስንደርስ፣ ሌላው ተማሪ ገና መዝገበ ቃላት ሲገልጥ እኔ ከአባቴ አፍ የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። አስተማሪዋ ደንግጣ አባትሽ ጣሊያናዊ ነው ወይ አለችኝ። ይሄን ለአባቴ ለመንገር ጥሩ ቀን እየጠበቅኩ ነበር፤ ጥሩ ቀን ማለት እኔን የሚያናድድበት ቀን ነው። አሁን ምን ያስቅሻል ብሎ ተቆጣኝ፣ ቀኑ ደረሰ።

ማርሚታ ማለት ሙፍለር ማለት ነው አልኩት። እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጣሊያንኛ ነው። ደግሞ ጣሊያኖች ቤት ሄደህ ማርሚታ ብትል ድስት ያመጡልሃል።

መስተዋቱን አስተካከለ፤ አስተካክሎ ሲያበቃ ደግሞ አስተካከለው። 

«ካንዴላስ?» አለ።

«ጣሊያንኛ።»

«ፍሬቻ?»

«ጣሊያንኛ።»

«ፍሪሲዮንም?»

«እሱም።»

«ጎማ ግን የኛ ነው» አለ፣ ሊለምነኝ ምንም በማይቀረው ድምፅ። ጎማም ጣሊያንኛ ነው አልኩት። ጎማው የጎዳው ይመስለኛል። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና፣ «ይሁን። አባረናቸው፣ ዕቃቸውን አስቀረን ማለት ነው» አለ። ጥሩ ተወጣው ብዬ ሳደንቀው፣ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለውና ወደኔ ዞረ። «እንግሊዝኛ ካልሆነ ታዲያ ሰውዬው እንዴት ገባው?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልገባውም አባዬ፣ ከተማ የጠፋብህ መስሎት ነው፣ ሠፈራችን መጨረስ የምንችለውን ሥራ ለመሥራት ግማሽ ጆርጂያን እያቋረጥን ነው። ዞሬ አየሁት። የታጠበ ሸሚዙን ለብሷል፣ ለጋራዥ ሁልጊዜ ሸሚዝ ይለብሳል። ሌላ ቦታ ሁሉ እኔ እናገርለታለሁ፣ እኔ እፈርምለታለሁ፣ እኔ ስልክ እደውልለታለሁ፤ ጋራዥ ብቻ ነበረች የቀረችው፣ ግማሹን አሁን ወስጄበታለሁ። አሳዘነኝ። በጣም አሳዘነኝ።

«ምናልባት ጣሊያን ይሆናላ» አልኩት።

«ጥቁር አሜሪካዊ ነበር እኮ።»

«ወታደር ሆኖ ጣሊያን አገር ኖሮ ይሆናል።»

አሰበበት። «ልክ ነሽ» አለ። «አቋቋሙ የወታደር ነው።» ነዳጁን ረገጥ አደረገው፣ በቅሎዋም ጮኸች፣ ሙፍለር የሚል ሌላ ቀይ ጽሑፍ በመስኮቴ በኩል አለፈ። እኔም እያየሁት ዝም አልኩ። ሻንጣው በሩ ሥር እንደቆመ እያሰብኩ ዝም ማለት ቀላል አልነበረም።

ማሪዬታ ስንደርስ ተራ የሚባል ነገር የለም። መሀል ከተማው ላይ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለው አደባባይ፣ ዙሪያውን አሮጌ ዕቃና አይስክሬም የሚሸጡ ሱቆች። አባቴ አደባባዩን ዞረ። ደግሞ ዞረ። አይስክሬም የሚበሉ ሰዎች በድምፃችን ምክንያት ማንኪያቸውን እንደያዙ በሱቁ መስታወት ያዩናል። ጭስ ያለው ሥራ ስለሆነ ከከተማው ወጣ አድርገውት ይሆናል አለ፣ ድምፁ ግን ቅድም የነበረው ድምፅ አልነበረም። ሰዓቱን ማየት ጀመረ። እኔም አሁን ካልነገርኩት እናቴ ሰኞ ሮዝዌል ታድራለች፣ ብነግረውም ጋራዡ ሁሉ ሊዘጋ ነው እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ።

የባቡር ሐዲዱን ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ የጋራዡን መዝጊያ ወደ ታች ሲጎትት አየን። አባቴ ፍሬን ያዘና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። መስኮቱም ሰጥሞ በሩ ውስጥ ገባ። አባቴ ግድ አልሰጠውም፣ አንገቱን አውጥቶ፣ «ማርሚታ?» አለ።

«የስ ሰር» አለ ሽማግሌው፣ «እዚሁ ነዎት።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «አየሽ» አለኝ።

የቀረውን በቅሎዋ ራሷ ተናገረች፤ ያን ድምፅ ሰምቶ ምን እንደሆነ የማያውቅ የጋራዥ ሰው የለም። ሽማግሌው መዝጊያውን መልሶ ከፍ አደረገ። መኪናዋን በማንሻው አንስቶ ሥሯ ገባ፣ በመዳፉ አንዴ መታ ሲያደርገው የዝገት ዱቄት ቆቡ ላይ ዘነበ። ይቺ ዓይነት ስትመጣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምትበሰብሰው አለ፣ ከሰሜን የመጣች ደግሞ የባሰች ናት። ዋጋውን ስንጠይቀው ሦስት መቶ አለ፤ አባቴም ሰላምታውን ተቀበለ። አባቴ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገቡ አልራቀም። ሽማግሌው ሙፍለር ሲል አባቴ ማርሚታ እያለ ያርመዋል። በመጨረሻ አዲሱን ቧንቧ ሲያስር ሽማግሌው ደከመውና «ኦኬ፣ ማርሚታ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ በቅሎዋ ዝም አለች፣ ዝምታዋን ስላልለመድነው እኛም ዝም አልን። መርማሪው ሊዘጋ ሲል ደረስንበት። መሣሪያውን ሰካ፣ ወረቀት አትሞ ሰጠን፣ አለፈች። አባቴ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፎ ስሙን ጭምር አነበበው።

እናቴ ወረቀቱን አየችና ለአባቴ መለሰችለት። ወደ በሩ ሄደች፣ ሻንጣውን ከፈተች፣ ትራሷን አውጥታ መኝታ ቤት ወሰደችው። አባቴ ሻንጣው የነበረበት ቦታ ላይ ጫማውን አውልቆ አስቀመጠ። ትንሽ ቆይቼ ማዕድ ቤት ውስጥ ስለ ማሪዬታ ሁሉንም ነገርኳት። የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ለሱማ ወዮልሽ።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሄደች፣ ሲመሽ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜም እንደዚያው። በቅሎዋ አልተሻላትም፤ ኩሽኔታዋ ተቀየረ፣ ዲፈረንሻሏ ዘይቱ ተቀየረለትና ማቃሰቱን ቀነሰ፣ ማርሿ አንድ ቀን አስቦ አስቦ ሦስተኛውን ጨርሶ ረሳው፣ ለሱ የከፈልነው ሰላምታ ዛሬም ያንገበግበኛል። አባቴ ግን ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የማርሚታ ሊቅ ሆነ። መኪናው የሚጮህበት ሐበሻ ሁሉ፣ ታክሲ ነጂውም፣ ፒዛ አድራሹም፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሰው፣ እሱ ጋ ይላካል። እሱም፣ ማርሚታ ተራ ሂዱ፣ ማሪዬታ፣ ሐዲዱን ተሻግራችሁ ይላል። ቤቱ በር ላይ ሙፍለር የሚሠራ ጋራዥ ያለው ሰው እንኳ ሠላሳ ማይል ነድቶ ይሄዳል። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ተራ ነዋ።

ከዓመታት በኋላ ተመርቄ ሥራ ይዤ፣ በቅሎዋ የኔ ሆና፣ እንደገና መጮህ ጀመረች። መሥሪያ ቤቴ ሥር ጋራዥ አለ። እኔም እንደ ሌላው ማሪዬታ ነዳሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሽማግሌው ጎብጧል፣ ቆቡ ያው ነው። የተማርኩበትን እንግሊዝኛ አሳምሬ፣ ሙፍለሩ መሀል ላይ የተቀደደ ይመስለኛል አልኩት። በዘይት የጨቀየ እጁን እየጠረገ ፊቴን አየ፣ ፀጉሬን አየ፣ ሐበሻ መሆኔን ለየና የራሷን ቋንቋ እንደማታውቅ ልጅ አዘነልኝ።

«ማርሚታ ነው የሚባለው» አለኝ።

በዚያው ምሽት እናትና አባቴ ቤት ሄጄ ይሄንኑ ነገርኳቸው። አባቴ እራቱን እየበላ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። «ታዲያ እዚያ ሌላ ምን ሊሉት ኖሯል?» አለ። እናቴ ከገበታው ተነሳች፣ አፏን በእጇ ይዛ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር። አባቴ ምን ሆነች አለኝ፣ እኔም ጉንፋን ይሆናል አልኩት።